የሞላ ባትሪ ክብደት

በዚያ ዓመት ዝናብ ቀረ። ጉድጓዶች ደረቁ፤ ከብት አለቀ፤ ወንዙ ሆዱን ገልብጦ ድንጋዩን አሳየ። ግድቡ ውሃ ሲያጣ መብራት በፈረቃ ሆነ፤ ቆይቶ ፈረቃውም ቀረ። ወፍጮ ቆመ። ዳቦ ቤቱ ተዘጋ። ክሊኒኩ የመድኃኒት ማቀዝቀዣውን በጎኑ አጋድሞ የወረፋ መቀመጫ አደረገው። ሽማግሌ ሞተ፣ ሕፃን ሞተ፣ በመካከል ያለውም ሞተ። መቃብር ቆፋሪዎቹ አቅም አጥተው የጉድጓዱን ጥልቀት መቀነስ ጀመሩ። አስከሬን ይዞ የመጣ ሰው ያያል፤ አፈሩን መልሶ ይሄዳል።

በታችኛው ሰፈር ሥራ የበዛለት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ባትሪ ሞሊው። ቀድሞ ጎማ ይለጠፍበት የነበረች አንዲት ክፍል ነበረችው። ግድግዳዋ እስከ ወገብ ድረስ በአሲድ ተበልቷል። የሞሊውም ሱሪ እንደዚያው ተበልቶ ወንፊት ሆኗል። ባትሪዎቹ ክዳናቸው ተከፍቶ፣ በቀይና በጥቁር ሽቦ ተያይዘው ጣውላ ላይ ይደረደራሉ። ጄኔሬተሩ ከጓሮ ያጓራል። ሞሊው ቀኝ እግሩን እየጎተተ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄድና ጆሮውን ጠጋ አድርጎ ያዳምጣል። ባትሪ ሲጠግብ ይፈላል። ድምፁ ለብቻው የሚያንሾካሹክ ሰው ድምፅ ይመስላል።

ናፍጣው የጋራ ነበር። ሰው ሁሉ ከየትም ብሎ ያገኛትን እያመጣ ከበርሜሉ ይጨምራል፤ ሞሊው ደግሞ በየተራ የሁሉንም ይሞላል። የድካሙ ዋጋ በቤቱ አንዲት አምፖል ማብራት ነበር፤ ሌላ አይወስድም። ወረፋ የማይጠብቅ አንድ ባትሪ ብቻ ነበር፤ የመምህሩ። ለማብራት ሳይሆን ለመተንፈስ ነበርና ይህን የተቃወመ አልነበረም። ደግሞም ከሰፈሩ ጎልማሳ ግማሹ በመምህሩ እጅ ያለፈ ነው።

መምህሩ የሞሊው ሚስት ታናሽ ወንድም ነው። ፊዚክስ ያስተምር ነበር። ተማሪዎቹ ጠመኔ ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ለነጡ ጣቶቹ ነበር፤ በኋላ ራጅ ሲነሣ ሳንባውም እንደዚያው ነጭ ሆኖ ታየ። እሱ ራሱ በዚህ ይስቅ ነበር፤ ልጆቹ ሐኪም ሳይሆኑ በሽታዬን አገኙት ይላል። ሳንባውን የበላው ግን የጠመኔ ብናኝ አልነበረም። የድንጋይ ካባው ነው። በወጣትነቱ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ካባ እየወረደ ድንጋይ ይፈልጥ ነበር፤ ሞሊውም እዚያው ይሠራ ነበር።

አንድ ቀን ቋጥኝ ተንሸራቶ የሞሊውን እግር ያዘው። በስንት መከራ አወጡት። መኪና አልነበረም። ጠመኔ ያን ጊዜ አጥንቱ የሚቆጠር ልጅ ነው፤ ያን ግንድ የሚያክል ሰው በጀርባው አዝሎ ከካባው ሥር ተነሣና አንድ ጊዜ እንኳ ሳያወርድ እስከ ቤቱ አደረሰው። መንገድ ላይ ትንሽ ዕረፍ ብለውት ነበር። ካወረድኩት መልሼ ማንሣት እንደማልችል አውቄዋለሁ አለ። ቁስሉን ስታጥብ የከረመችው የጠመኔ እህት ነበረች፤ በዚያው የሞሊው ሚስት ሆነች።

ከዚያ ወዲህ ሞሊው ሊያመሰግን አፉን በከፈተ ቁጥር ጠመኔ አንድ መልስ ብቻ ነበረው። «ምስጋናህን እዚያው ያዘው። አንድ ቀን ትሸከመኛለህ።» በሠርግ ላይ ይላታል፣ በልቅሶ ቤት ይላታል፣ ሞሊው ወፍሮ ጠመኔ ከስቶ አብረው ሲሄዱ ይላታል። ሰው ሁሉ ለምዷታል። ሞሊውም አብሮ ይስቅ ነበር እንጂ ዕዳው በልቡ ቀልድ ሆኖ አያውቅም። የሚቀልደው አበዳሪው ነው።

ትምህርት ቤቱ በድርቁ ሲዘጋ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ወደ መምህሩ መኝታ ቤት መምጣት ጀመሩ። እሱ ትራስ ተደግፎ፣ የኦክስጅኑን ቱቦ አፍንጫው ላይ አድርጎ ያስተምራል። ከአየር ኦክስጅን የሚለየው ማሽን ከአልጋው ሥር ያንጎራጉራል። ማሽኑ ላይ ንጹህ ውሃ የያዘ ጠርሙስ ተሰክቷል፤ አየሩ በዚያ ውሃ ውስጥ እየተንቦጫረቀ ያልፋል፤ ያለዚያ አፍንጫውን አድርቆ ያደማዋል። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው የከባድ መኪና ባትሪ ነው። ሁለት ባትሪ አለው። አንዱ ሲሠራ አንዱ ሞሊው ዘንድ ይሞላል።

አንድ ቀን ሞሊው የሞላውን አምጥቶ ባዶውን ሊወስድ ጎንበስ ሲል መምህሩ በጣቱ ጠቆመ። እነዚህ ሁለቱ እኩል ይከብዳሉ ወይ ብሎ ልጆቹን ጠየቃቸው። በእርግጥ እኩል ነው አሉ። ውስጡ ምን ተጨመረና አሉ። መምህሩ ራሱን ነቀነቀ።

«መጠነ ቁስና ጉልበት ሁለት ነገር አይደሉም» አለ፣ በየመሐሉ እየተነፈሰ። «ቁስ ማለት ታምቆ የተቀመጠ ጉልበት ነው። ጉልበት ስትጨምርበት ይከብዳል፤ ስትወስድበት ይቀላል። የጋለ ብረት ከቀዘቀዘው ይከብዳል። የተጨመቀ ስፕሪንግ ከላላው ይከብዳል። ይህ የሞላ ባትሪም ከዚያ ባዶ ይከብዳል።»

የእህል ነጋዴው ልጅ እጇን አነሣች። በስንት ይከብዳል ስትል ጠየቀች። መምህሩ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ሳሉ ያዘው፤ ያን ቀን ደግሞ ሳሉ አልለቅም አለው። እህቱ ከኩሽና ገብታ ልጆቹን በዓይኗ አስወጣቻቸው። መልሱ ለነገ ተባለ። ልጅቷ የትምህርቱን ግማሽ ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።

ሳሉ በረድ ሲል ሞሊው ከአልጋው ግርጌ ተቀመጠ። ነገሩ ከንክኖታል። ያ ክብደት ከየት ይመጣል ብሎ ጠየቀ። ከናፍጣው ነዋ አለው መምህሩ። ጭሱ ሁሉ ተሰብስቦ ቢመዘን ከነደደው ናፍጣና አየር ይጎድላል፤ ከጎደለው ከፊሉ እዚህ ባትሪ ውስጥ ነው፤ አይጠፋም፣ ቤት ይለውጣል አለው። ሞሊው አሰበ።

«እንግዲያው ያን ጊዜ ስታዝለኝ ትኩሳት ነበረብኝ» አለ። «ከብጄብህ ነበር ማለት ነው።»

«ከብደኸኝ ነበር» አለ ጠመኔ ዓይኑን ጨፍኖ። «ዕዳህ ከምታስበው በላይ ነው።»

የእህል ነጋዴውን ሰፈሩ ባለሚዛኑ ይለዋል። በወጣትነቱ ጆንያ ተሸካሚ ነበር፤ ጀርባው አሁንም እንደ በር ሰፊ ነው። ሱቁ ውስጥ በዚያ ዓመት እህል አልነበረም፤ ሚዛኑ ብቻ ነበር። ትልቅ የብረት መድረክ ያለው፣ በዘንጉ ላይ መመዘኛዋ የምትንሸራተት ሚዛን። ባለሚዛኑ በዚያ ሚዛን ማንንም ሸውዶ አያውቅም። ይህን ወዳጁም ጠላቱም ይመሰክርለታል። ክፋቱም እዚህ ላይ ነበር። ሌባ ቢሆን ኖሮ ቀጥሎ ያለውን ማን ያምነው ነበር?

በዚያ ሰሞን የሰፈሩ መብራት ቶሎ ቶሎ መጥፋት ጀምሮ ነበር። ባትሪዎቹ አርጅተዋል፤ በየቀኑ ባዶ እስኪሆኑ እየተመጠጡ ሆዳቸው ተበላሽቷል። ሞሊው ይህን ለሁሉም ነግሯል። ሰው ግን ጨለማ ውስጥ ሲቀመጥ ሌላ ነገር ያስባል፤ ግማሹን ብቻ ሞልቶልን ይሆን ይላል። ባለሚዛኑም እያሰበ ሳለ ልጁ ከመምህሩ ቤት የሰማችውን ነገረችው። ደስ አለው። በሚዛን የሚታይ ነገር ከሆነማ ክርክር የለም።

ባትሪውን ለሞሊው ከመስጠቱ በፊት መድረኩ ላይ አስቀምጦ መዘነ፤ መመዘኛዋ የቆመችበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አደረገ። ሞልቶ ሲመለስለት ደግሞ መዘነ። ቀሎ ነበር። ተሳስቼ ይሆናል ብሎ የጎረቤቱን ባትሪ ለምኖ እንደዚያው አደረገ። እሱም ቀሎ ተመለሰ። ባለሚዛኑ ሱቁን ቆልፎ ሰው ጠራ።

ሞሊው በገዛ ደጃፉ ላይ በተሰበሰበው ሰው ፊት የሚያውቀውን ተናገረ። ባትሪ ሲጠግብ ይፈላል፣ ሲፈላ ውሃው በጋዝ መልክ ይወጣል አለ። ደኅና ጊዜ ቢሆን ከሞላሁ በኋላ የባትሪ ውሃ ጨምሬ አስተካክልላችሁ ነበር፤ ዘንድሮ የሚጠጣም የለ አለ። ናፍጣ ለመቆጠብ ስል ደግሞ በኃይል በኃይል ነው የምሞላው፣ የሚፈላውም ለዚህ ነው አለ። ሰዎቹ ተያዩ። ይህ ሌባ የሚናገረው ነገር ይመስላል። ባለሚዛኑ አልጮኸም። ጮሆ አያውቅም።

«ሲሞላ ይከብዳል ያለው የራስህ አማች ነው» አለ። «ወይ እሱ ዋሽቷል፣ ወይ አንተ ሰርቀሃል። አንዱን ምረጥ።»

ሞሊው ሁለቱንም መምረጥ አቃተው። ጠመኔ ዋሸ አይልም። ሰረቅሁም አይልም። አፉን ይዞ ቆመ፤ ዝምታው ማመን ሆኖ ተቆጠረ። ከኋላ አንዱ ለአማቹ እስከ አንገቱ፣ ለእኛ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ብሎ አሳቃቸው። የየራሳቸውን ባትሪ ከጣውላው ላይ አነሡ። የጋራውን በርሜል እያንከባለሉ ወደ ባለሚዛኑ ሱቅ ወሰዱት። የባለሚዛኑ ባትሪ ግን መድረኩ ላይ ቀረ፤ ማስረጃ ነው ተባለ።

ሞሊው በጄኔሬተሩ ሆድ የቀረችውን ናፍጣ ለመምህሩ ባትሪ አዋላት። ከዚያ ጓሮው ጸጥ አለ። ያን ጸጥታ እሱ ከሁሉ በላይ ጠላው። ባለሚዛኑ ዘንድ ሄዶ ለመነ። ናፍጣ ባትሰጠኝ ያን መድረክ ላይ ያለውን ባትሪ አውሰኝ፣ ሙሉ ነው፣ እኔ ራሴ ነኝ የሞላሁት አለው። ባለሚዛኑ ማስረጃ ከቦታው አይነሣም አለ። ደግሞም ባዶ ነው ብሎ ያምን ነበርና በባዶ ባትሪ ሰው ይድናል ብሎ አላሰበም።

መምህሩ ነገሩን የሰማው ከእህቱ ነው። እሷ ነገር ማለዘብ አታውቅም። ያንተ ትምህርት ባሌን ሌባ፣ አንተን ሟች አደረገ አለችው። አሁን ሄጄ ተሳስቷል ልበላቸው አለች። አንዲት ቃል ናት፤ ተሳስቷል፣ ሳንባው ታሞ ጭንቅላቱም ታሟል እላለሁ፣ ናፍጣው ይመለሳል አለች።

«እውነት ነው እኮ፣ እትዬ» አላት።

«እንግዲያው እውነትህን ተንፍሳት።»

ጠመኔ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። ሳሉ ሲያባራ ቀስ ብሎ አስረዳት። ተሳስቻለሁ ካልኩ ልጆቹ ያስተማርኳቸውን ሁሉ ይጥሉታል፤ ቀሪውን ግማሽ ብነግራቸው ግን ባልሽም ነጻ ይወጣል፣ ትምህርቱም ይተርፋል አለ። ጭማሪው ማንም ሚዛን የማያየው ትንሽ ነገር ነው፣ ይህን ንገሪያቸው አላት። ሄዳ ነገረቻቸው። ትናንት ይከብዳል፣ ዛሬ አይታይም አሉ። ባለሚዛኑ አላፌዘም። ከመምህሩ አፍ ከሰማሁ አምናለሁ፣ ከሌባው ሚስት አፍ ግን አልሰማም አላት። ራሱ ይምጣ።

በማግስቱ ጠዋት ማሽኑ መጮህ ጀመረ። ባትሪው ሊያልቅ ሲል የሚያሰማት ቀጭን ጩኸት አለችው። መምህሩ ቱቦውን ከአፍንጫው አወጣ፤ ማሽኑን ራሱ አጠፋው። ጠርሙሱን የቀረውን ንጹህ ውሃ እንደያዘ ነቅሎ ክዳን አደረገበትና ኪሱ ውስጥ ከተተው። ጫማዬን አምጪ አላት እህቱን። አመጣችለት። አላለቀሰችም፤ ማሰሪያውን ስታስር ግን ሁለቴ ተሳሳተች።

ሞሊው ጀርባውን ሰጥቶ በርከክ አለ።

«ና፣ ልዘልህ።»

«ስመለስ» አለ ጠመኔ። «አሁን በአንተ ጀርባ ተጭኜ ከገባሁ የአንተ ዕቃ ነኝ። ዕቃ አይመሰክርም።»

ሞሊው ተነሣ። እውነቱን እንደሆነ ገባው፤ ስለገባውም ተናደደ።

መንገዱ ለጤነኛ ሰው ምንም አልነበረም። ጠመኔ ግን ግድግዳ ግድግዳውን እየተደገፈ፣ በየደጃፉ እየቆመ ሄደ። ከንፈሩ እንደ ቀለም ጠቆረ። የደረቀው ቦኖ ጋ ሲደርስ ከቧንቧው ሥር ተቀመጠ፤ ትከሻው በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ጆሮው ይወጣል። ሞሊው እግሩን እየጎተተ ከኋላው ተከተለ። እንዳይነካው ተከልክሏል። አንዱ እግር የለውም፣ አንዱ ትንፋሽ የለውም፤ ከአንዲት መስኮት ሴትዮ አየቻቸውና መጋረጃዋን ለቀቀች።

ሱቁ ሲደርሱ ሰው ተከትሏቸው ነበር። ባለሚዛኑ መምህሩን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሣ፤ ባዶ ጆንያ አነጠፈ፤ ይቀመጡ መምህር አለ። ልጁ በጓሮው በር በኩል ቆማለች። ጠመኔ ለረጅም ጊዜ ተነፈሰ። ማንም አላቻኮለውም።

«ልጅህ በስንት ብላ ጠይቃኝ ነበር» አለ። «ሳል ያዘኝ። ግማሹን ይዛ መጣች። ጥፋቱ የእሷ አይደለም።»

ባለሚዛኑ ዞሮ ልጁን አየ።

«ሲሞላ ይከብዳል ብያለሁ፤ ዛሬም እላለሁ። ግን የዚህን ሰፈር ባትሪ ሁሉ ብትሞላ፣ የሁሉም ጭማሪ ቢጠራቀም፣ አንዲት የጨው ቅንጣት አያክልም። ያንተ ሚዛን ያንን ለማየት አልተሠራም።»

ከበሩ በኩል አንድ ሽማግሌ ታዲያ አንዲት ጨው ተፈትታ ጉልበት ብትሆን ይህን ሁሉ ባትሪ ትሞላለች ማለት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ትሞላለች፣ ከዚያም ይተርፋታል አለ መምህሩ። ሽማግሌው እንግዲያው ቤት ሙሉ ጨው እያለኝ ናፍጣ ለምን እለምናለሁ አለ። ሰው ሳቀ። መምህሩም ሳቀ፤ ለሳቁ ብዙ ከፈለ። ትንፋሹ ሲመለስለት መፍቻውን እኔ አላውቀውም አለ። ጥቂት መፍታት የቻሉት ሰዎችም አስቀድመው ያደረጉት ከተማ ማቃጠል ነበር አለ። ሳቁ ቆመ።

ከዚያ ወደ መድረኩ ጠቆመ። ባትሪውን እየው አለው ባለሚዛኑን። ገላው ነጭ ፕላስቲክ ስለሆነ በውስጡ ያለው ውሃ እንደ ጥላ ይታያል፤ በጎኑ ላይ የውሃው ልክ የተሠመረበት መስመር አለ። ውሃው ከመስመሩ ብዙ ወርዶ ነበር።

«ለእሱ ስትሰጠው ውሃው የት ነበር?»

ባለሚዛኑ አጎንብሶ አየ፤ ጣቱን መስመሩ ላይ አደረገ። ሚዛን ላይ የኖረ ሰው ነው፤ ያየውን መካድ አልለመደም።

«መስመሩ ላይ ነበር» አለ።

መምህሩ ጠርሙሱን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ባለሚዛኑ መመዘኛዋን ቀድሞ በጠመኔ ምልክት ካደረገበት ቦታ ላይ አቆማት። ዘንጉ ወድቆ ተኝቷል። ክዳኖቹን ከፍቶ ከጠርሙሱ በየቀዳዳው ቀስ እያለ አፈሰሰ። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ የሚያየው ዘንጉን ነበር፤ ሞሊው ግን ጠርሙሱን ያይ ነበር። ውሃው መስመሩ ላይ ሲደርስ ዘንጉ ተነሣ። ተወዛወዘ። ልኩ ላይ ቆመ።

ቀጥሎ ባለሚዛኑ የአምፖል ሽቦ ከግድግዳው አውርዶ የባትሪው ጫፎች ላይ አስነካው። አምፖሉ ዓይን የሚወጋ ነጭ ብርሃን ሰጠ። ያ ሙሉ ባትሪ እስከዚያ ጠዋት ድረስ መድረኩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ይህን ሁሉም በየልቡ አሰበው፤ ከሁሉም ይልቅ ባለሚዛኑ አሰበው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«አጥፍቻለሁ» አለ ለሞሊው። ወደ መምህሩ ዞሮ ግን ያንኑ ቃል መድገም አቃተው። ባትሪውን ራሴ አመጣለሁ፣ በዚህች ደቂቃ፣ እርስዎ ብቻ ቤትዎ ይግቡ አለ። መጎናጸፊያውን አጥፎ ትከሻው ላይ አደረገና ሽቦውን መንቀል ጀመረ፤ አልነቀል አለው።

መምህሩ ልጅቷን በዓይኑ ፈለጋት። አገኛት። «መልሱ እሱ ነው፤ የጨው ቅንጣት አያክልም፤ ግን አለ» አላት። «አለ» የምትለዋን ደገማት። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች፤ ቀና ብላ ልታየው ግን አልቻለችም።

ከዚያ ጠመኔ ወደ ሞሊው እጁን ዘረጋ።

«በል፤ ዕዳህን።»

ሞሊው በርከክ አለ። ጠመኔ ጀርባው ላይ ተደፋበት፤ ሞሊው ሁለቱን ጭኖቹን ይዞ ተነሣ። ድንጋይ እንደሚያነሣ ሰው ነበር የተዘጋጀው፤ የተነሣው ግን የላባ ትራስ ነው። ይህን ያህል መክሳቱን ዓይኑ እያየ ጀርባው አላወቀም ነበር። የተሰበረው እግሩ ግን ላባም ቢሆን ይቆጥራል። ከሱቁ ደፍ ሲወርድ ትከሻውን በመቃኑ ደገፍ አደረገ። ሁለት ጎረምሶች ሊቀበሉት ቀረቡ። በአገጩ አራቃቸው።

የጠመኔ አገጭ ትከሻው ላይ ነበር። ትንፋሹ አንገቱን ይመታዋል፤ አጭር፣ ሞቃት፣ የተቆራረጠ።

«ከበድኩህ?»

«አልከበድክም።»

«ውሸታም» አለ ጠመኔ። ድምፁ ውስጥ ሳቅ ነበር።

ቦኖውን አለፉ። እዚያ ሲደርስ ሞሊው ላርፍ ብሎ አስቦ ነበር፤ እግሩ እንደ እሳት ነዷል። ካወረድኩት መልሼ ማንሣት አልችልም አለ በልቡ፤ ሲለው የማን ቃል እንደሆነ አወቀ። ከኋላ የባለሚዛኑ ከባድ ኮቴ ይሰማል፤ ባትሪውን በትከሻው ተሸክሞ እየደረሰባቸው ነው። ሞሊው ረዘም ረዘም አድርጎ ተራመደ።

ከቦኖው ወዲያ፣ መስኮቷ መጋረጃ ያላት ቤት አጠገብ፣ አንገቱ ላይ የሚመታው ትንፋሽ ቆመ። ሞሊው የሚቀጥለውን ጠበቀ። አልመጣም። ጆሮውን አቀና፤ ባትሪ ሲያዳምጥ እንደሚያደርገው ትንፋሹን ይዞ አዳመጠ። ምንም አልነበረም። ጀርባውን ጠየቀው። ሸክሙ ቀለለ ወይ፣ ከበደ ወይ አለው። ጀርባው ያው ነው አለው። አሁን የሄደውን ነገር የሚያውቅ ሚዛን የትም የለም። አይጠፋም፣ ቤት ይለውጣል ብሎት ነበር ጠመኔ። ሞሊው ይህን አስታወሰው፤ አላጽናናውም።

አልቆመም። ለማንም አልተናገረም። ከተናገረ ሰዎቹ ተቀብለው ያወርዱታል። እጆቹን ጠበቅ አድርጎ፣ እግሩን እየጎተተ፣ ገና ያልቀዘቀዘውን ሰው ይዞ ሄደ። ባለሚዛኑ ደርሶባቸው ጎን ለጎን ሲሆን የጠመኔን ፊት አየ። እርምጃውን ቀንሶ ከኋላ ተከተለ።

ሚስቱ በሩን ከፍታ ቆማ ነበር። አልጋውን አስተካክላለች፤ ቱቦውን አጥባ ትራሱ ላይ አድርጋለች። ሞሊው በጎኗ አልፎ እስከ አልጋው ጠርዝ ሄደና ቆመ። መጎንበስ አቃተው፤ ወይም አልፈለገም። እሷ የወንድሟን እጅ ያዘች። ለረጅም ጊዜ ይዛው ቆየች። ባለሚዛኑ ባትሪውን እንደተሸከመ ከበሩ ላይ ቀርቷል፤ አስቀምጥ ያለው ስለሌለ አላስቀመጠም።

«አውርደው» አለች ሚስቱ። «አድርሰኸዋል።»

ሞሊው ዘወር አለና አልጋው ላይ በቀስታ አወረደው።